የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ ምንድን ነው? ጥሩውንስ በምን እንለየዋለን?

ባሕር ዳር ላደገ ሰው የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ እንግዳ ነገር አይደለም። ጣና ዳር ቁጭ ብሎ፣ ማኪያቶውን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ወፍራም መጽሐፍ የሚያገላብጥ ፈረንጅ እያየን ነው ያደግነው። እኔ ግን ውስጡን ያየሁት ቆይቼ ነው። አንድ እንግዳ ወደ አገሩ ሲመለስ የራሱን ሰጠኝ። ሽፋኑ በፕላስተር ተለጥፏል። የላሊበላና የጎንደር ገጾች የሉም። ለካ ሸክም እንዲቀለው አይቶ የጨረሰውን ከተማ እየቀደደ ሲጥል ነበር። የባሕር ዳር ገጾች ግን አሉ። ጠርዛቸው በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል።

ብዙዎቻችን ጋይድ ቡክ የምንለው ይሄ መጽሐፍ ለብቻው ለሚጓዝ ሰው የሚጻፍ ነው። በፓኬጅ የሚሄድ ሰው አስጎብኚ አለው፤ ማደሪያውም ምሳውም ተይዞለታል። ለብቻው የወጣ ሰው ግን ከአውቶቡስ መናኸሪያ ጀምሮ ሁሉንም ራሱ ይፈልጋል። መጽሐፉ የት እንደሚያድር፣ በምን እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያይ፣ ከምን እንደሚጠነቀቅ ይነግረዋል። ከቱሪዝም ብሮሸር የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ብሮሸር ሁሉንም ያወድሳል። ጥሩ መመሪያ ግን «ይሄን እለፉት» ማለት ይችላል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አሳታሚዎቹ የእንግሊዙ ጆን መሪና የጀርመኑ ካርል ቤዴከር ናቸው በሰፊው ያስለመዱት። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቶኒና ሞሪን ዊለር የተባሉ ባልና ሚስት ከለንደን ተነስተው በየብስ እስያን አቋርጠው አውስትራሊያ ከገቡ በኋላ ሎንሊ ፕላኔት የተባለውን የጉዞ መመሪያ አሳታሚ መሠረቱ። የኪሱ ቀጭን የሆነ ተጓዥ መጽሐፍ ያገኘው በእንዲህ ዓይነቶቹ ሰዎች ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ውጭ አገር ልትሄዱ ነው እንበል፤ ኢስታንቡል። የማታውቁትን ከተማ መጽሐፍ እንዴት ትፈትኑታላችሁ? እኔ የማምንበት መንገድ አንድ ነው። የዚያው አሳታሚ ስለ ኢትዮጵያ ያወጣው መጽሐፍ ካለ ፈልጉና የባሕር ዳርን ገጽ አንብቡ። እዚያ ላይ ዳኛው እናንተ ናችሁ።

ጢስ ዓባይን ተመልከቱ። ፏፏቴው ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ይሳሳል። ክረምቱ ሲያልቅ፣ መስከረም አካባቢ ያየውና መጋቢት ላይ ያየው ሰው ስለ አንድ ቦታ የሚያወሩ አይመስሉም። ሐቀኛ መጽሐፍ ይሄን ይጽፋል። ያ እንግዳ የሰጠኝ መጽሐፍ ግን ሙሉ ፏፏቴ በፎቶ አሳይቶ ዝም ብሏል። ሰውዬው ከፎቶው ሥር በእርሳስ «ውሃው ቀጭን» ብሎ ጽፏል። ያቺን ጽሑፍ ሳይ በጣም አዘንኩ። ከስንት አገር አቋርጦ መጥቶ!

የጣናን ገዳማትም እዩ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ይሄን ሳትነግራት ሴት ተጓዥን ጀልባ ላይ የምታሳፍር መጽሐፍ ምን ትሠራለች? ሰዓቱስ? «ጀልባው በ1 ሰዓት ይነሳል» ሲባል ለእኛ ጠዋት ነው፤ ለፈረንጁ ግን 7 ሰዓት መሆኑ ካልተብራራለት ወደቡ ላይ ብቻውን ይቀራል። እነዚህን በትክክል የጻፈ አሳታሚ ስለ ኢስታንቡልም የተጠነቀቀ ሊሆን ይችላል። እርግጥ ደራሲዎቹ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ደራሲው እዚያ አገር ኖሯል ወይ የሚለውንም መግቢያው ላይ እዩ።

ቀጥሎ ዕትሙን። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ገልጣችሁ የታተመበትን ዓመት ፈልጉ። መረጃው የሚሰበሰበው ደግሞ ከኅትመቱ ቀድሞ ነው። ዓባይ ላይ ያለው አዲሱ ድልድያችን የተመረቀው በግንቦት 2016 ነው። ከዚያ በፊት የታተመ ካርታ ላይ የለም። ኢስታንቡልም እንዲሁ ነው። ሃጊያ ሶፊያ በ2020 እ.ኤ.አ. ከሙዚየምነት ወደ መስጊድነት ተመልሷል። ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የውጭ ጎብኚ ከፍሎ ላይኛውን ፎቅ ነው የሚያየው። የድሮው ኤርፖርት መደበኛ የመንገደኛ በረራዎችም በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ አዲሱ ኤርፖርት ዞረዋል። ዋጋማ ባታዩት ይሻላል፤ የቱርክ ሊራ ብዙ ተንሸራቷል። ከቁጥሩ ይልቅ «ርካሽ፣ መካከለኛ፣ ውድ» የሚለው ክፍፍል ይጠቅማችኋል። ታላቁ ገበያ እሑድ ዝግ መሆኑን የመሰለ መረጃ ግን ቶሎ አያረጅም፤ አንድ ቀንም ያተርፍላችኋል።

እኛን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ መመሪያዎች የተጻፉት ለአውሮፓና ለአሜሪካ ፓስፖርት ነው። «ቪዛ አያስፈልግም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለራሳችሁ አትውሰዱት። የቪዛውን ገጽ ዝለሉትና የምትሄዱበትን አገር ኤምባሲ ጠይቁ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የአትክልት ምግብ የሚለውን ክፍል ፈልጉ። ግን አይብና እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የሌለበት፣ «ቪጋን» የሚለው ነው ለእኛ ጾም የሚቀርበው። ቱርኮች አትክልት በወይራ ዘይት ሠርተው ቀዝቀዝ ሲል የሚያቀርቡት ምግብ አላቸው። ይሄን ያብራራ መጽሐፍ ለጾመኛ ትልቅ ውለታ ውሎለታል።

ፊደሉ የማይነበብ አገር ከሆነ፣ ታይላንድን የመሰለ፣ የቦታው ስም በአገሬው ፊደልም መጻፉን አረጋግጡ። እኛ ጋ ፈረንጅ የሰፈር ስም ሊጠራ ሲታገል ባጃጁ ሹፌር ግራ ሲጋባ አይተናል። በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ቢያሳየው በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

ስልክ እያለ መጽሐፍ ለምን? የሚል አይጠፋም። ስልክ መንገድ ያሳያል፤ ለዛሬ ዋጋና ለዛሬ ሰዓትም የሚሻለው እሱ ነው። ግን የት መሄድ እንዳለባችሁ ሳታውቁ ስልክ ላይ ምን ብላችሁ ትፈልጋላችሁ? ሆቴል ገብቶ ሳይሆን ከጉዞው በፊት ቤት ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው ጥቅሙ። በተለይ ስለ አለባበስ፣ ስለ ሰላምታና ቱሪስት ስለሚታለልበት ዘዴ የሚያወሩትን ገጾች።

የእኔን የኢስታንቡል መጽሐፍ ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ወስዳዋለች። ዕትሙ አርጅቷል። ታሪኩና የሰፈሮቹ መግለጫ ግን አሁንም ይሠራል። የድሮውን ኤርፖርት ገጽ በእርሳስ ሰርዤ አዲሱን ጽፌላታለሁ።