«በላዔ ሰብም በጥርኝ ውሃ ድኗል»፦ ይህ ቃል የማን ነው?

በርበሬ ነጋዴው ማታ ጆንያውን ፈትቶ ውሃ ይረጭበታል። በማግስቱ ዛላው ለስለስ፣ ቀላ ብሎ ያድራል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣም ይከብዳል። ገዢው ትኩስ በርበሬ ያገኘ ይመስለዋል። ቤቱ ወስዶ ሳያሰጣ ካቆየው ውስጥ ውስጡን ሻግቶ ያገኘዋል። ያው ነጋዴ እሑድ አስቀድሶ ሲወጣ ደጀ ሰላም ለተቀመጡት ነዳያን አሥር አሥር ብር ያድልና «ምን አለበት፣ በላዔ ሰብም በጥርኝ ውሃ ድኗል» ይላል።

ባሕር ዳር ላይ ይህ አነጋገር እንዲህ ሲነገር መስማት ብርቅ አይደለም። ጉቦ የበላው ይለዋል፣ የወንድሙን መሬት የገፋው ይለዋል። ትርጉሙ «በትንሽ ሰጥቼ ብዙ አሰርዛለሁ» ሆኗል። ነገሩ የተገለበጠው ቃሉ ላይ ሳይሆን ተናጋሪው ላይ ነው። ይህ አባባል የተቀባይ ነው። ሰጪ ስለ ራሱ የሚለው አልነበረም።

ታሪኩን የማያውቅ ምእመን ጥቂት ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። በላዔ ሰብ፣ ማለትም ሰው በላ፣ የተባለው ቅምር በሚባል አገር የሚኖር አንድ ሰው ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ጨምሮ 78 ነፍስ በላ። በመንገዱ ደዌ የጸናበት፣ ጥም ያቃጠለው ድኻ አገኘ። ድኻው በእግዚአብሔር ስም ውሃ ቢለምነው ተቆጣ፤ ስለ ማርያም ሲለው ግን ደነገጠ። በጸሎቷ እንደምታማልድ ሰምቶ ያውቅ ነበርና ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት 78ቱ ነፍሳት ባንድ ወገን፣ ያች ውሃ በሌላው ወገን ሆነው ተመዘኑ። ውሃው ቀለለ። እመቤታችን ጥላዋን ስታሳርፍበት ግን ደፋ። ታሪኩ ከተአምረ ማርያም ነው፤ ጌታ ለእናቱ የምሕረት ቃል ኪዳን መስጠቱ በሚታሰብበት፣ የካቲት 16 በሚውለው በኪዳነ ምሕረት በዓልም ይተረካል። በ15ኛው መቶ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምሯም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ማዘዛቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ይህን ነገር በጆሮው ሲሰማ በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል።

በዓይኑም አይቶታል። ጣና ዳር ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የገባ ሰው መቅደሱን ዙሪያውን በሸፈኑት ሥዕሎች መካከል በላዔ ሰብን ያገኘዋል። ፊደል ያልቆጠረችው ባልቴት እንኳ የሚበላውን ሰው፣ የሚለምነውን በሽተኛ፣ ሚዛኑን በጣቷ እያመለከተች ለልጅ ልጇ ትተርክ ነበር።

ይሁን እንጂ ሥዕልም ንባብም ታሪክን ያስታውሳሉ እንጂ አነጋገርን ከአፍ አፍ አያዞሩም። ከቅኔ ማኅሌት አውጥቶ ጓዳ ድረስ ያስገባው ማን ነው? የእኔ ግምት ቆሎ ተማሪ፣ ያ እየለመነ የቤተ ክህነት ትምህርት የሚማረው፣ ነው።

የጎጃም ቆሎ ተማሪ አዋዋሉ የታወቀ ነው። ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ ለውሻ የሚሆን በትር ይዞ ይወጣል። ሰዓቱን ያውቃል፤ እንጀራ ከምጣድ ሳይወርድ የሄደ ባዶውን ይመለሳል፣ ምሳ ተበልቶ ካለቀ የሄደም እንዲሁ። ሠፈር ይከፋፈላሉ፤ ሁሉም አንድ መንደር ላይ ቢወርድ መንደሩ ይሰለቻልና። ከአጥር ውጭ ይቆማል እንጂ ዘሎ አይገባም። ድምፁን ከፍ አድርጎ «በእንተ ስማ ለማርያም!» ይላል፤ ስለ ማርያም ስም ማለቱ ነው። ያገኘውን ቁራሽ ይዞ ተመልሶ ከታመመው ጓደኛውና ገና ለምኖ ከማያውቀው ሕፃን ጋር ይካፈላል። የተረፈውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ያደርገዋል፤ ሳይደርቅ አኩፋዳ ውስጥ ከገባ በሁለት ቀን ይሻግታል። ወጥ የነካው ቁራሽ መጀመሪያ ነው የሚበላው።

አሁን ልብ ይባል፤ ተማሪው ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠራው ስምና የታሪኩ በሽተኛ የጠራው ስም አንድ ነው። ተማሪው ታሪኩን ያውቃል፤ ምናልባትም የዚያኑ ቀን ሲነበብ ሰምቶታል። ክረምት ላይ ጎተራው በጎደለበት ወር አንዲት እናት ወጥታ «ልጄ፣ ዛሬስ አልጋገርኩም፣ አፈርኩህ። ውሃ ልስጥህ?» ትለዋለች። እሱም ውሃውን ጠጥቶ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ፤ በላዔ ሰብም በጥርኝ ውሃ ድኗል» ይላታል። ባዶ እጇን ያፈረችውን ሴት የሚያጽናና መልስ ነው። ትንሽ ብልጠትም አለበት መቼም፤ ነገ ሲመለስ ቁራሽ እንዳይጠፋ።

ለዚህ ግምቴ ወረቀት አላቀርብም። ግን አነጋገሩን በዚያች ሴት ደጅ ብናቆመው ሁሉም ነገር ቦታውን ይይዛል፤ «ም» የምትለዋ ፊደል እንኳ። «በላዔ ሰብም» ሲባል «እሱ እንዲያ ሆኖ ከዳነ አንቺማ» ማለት ነው።

ውሃ አሰጣጡንም ማየት ይገባል፤ ከተማ ያደገ አንባቢ ጥርኝ የምትለዋን መለኪያ እንደዋዛ ያልፋታልና። ጥርኝ የአንድ እጅ መዳፍ ሲጎደጎድ የሚይዘው ነው፤ ከሁለት ወይም ከሦስት የሾርባ ማንኪያ አይዘልም። በጣና ዳር መንገደኛ አጥር ሥር ቆሞ ውሃ ሲለምን ዕቃ ሁልጊዜ አይቀርብለትም። ባለቤቷ ቅሉን ከእንስራው ነክራ ትወጣለች። እሱ ቁጢጥ ይልና ጣቶቹን አጣብቆ፣ አውራ ጣቱን ወደ መዳፉ ሰብስቦ እጁን ከአፉ ያስጠጋል። እሷ ቀስ እያለች በቀጭኑ ታንቆረቁራለች። ከቸኮለች ውሃው አፍንጫው ይገባል፣ ደረቱም ይርሳል፤ ጣቶቹ ከላሉ ደግሞ ግማሹ መሬት ይቀራል። የጠማው ሰው እንዲህ አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ ሳይጎነጭ አይረካም። አንድ ጥርኝ ማለት እንግዲህ ምላስ አርሶ የሚያልቅ ነው።

የየካቲትን ወር ደግሞ ጨምሩበት። ዝናብ የለም፣ መንገዱ አቧራ ነው። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚገባ የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ብዙ ጊዜ ጾሙ አፋፍ ላይ ወይም ጾሙ ውስጥ ይውላል። ለንግሥ የመጣው ሕዝብ ሐይቁን እያየ ይጠማል።

የታሪኩ ድኻ ሥጋ ደዌ የያዘው ሆኖ መተረኩ እዚህ ላይ ጉዳይ አለው። ድሮ እንዲህ ላለ ሰው የሚጠጣበትን ዕቃ የሚያቀብል አልነበረም፤ ከሩቅ በመዳፉ ይፈስለታል። ሥጋ ደዌ ደግሞ ነርቭ ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ቀድመው ይቆለመማሉ፣ መዳፉም ውሃ መያዝ ይሳነዋል። ስለዚህ በላዔ ሰብ ያፈሰሰው አንድ ጥርኝ ከሆነ፣ ጉሮሮ የደረሰው ከዚያም ያነሰ ነው። ተራኪው ሥራውን ሆን ብሎ ያሳነሰው ይመስለኛል። በጎ ሥራ ተባለ እንጂ አብዛኛው መሬት ላይ የፈሰሰ ነው።

ለዚህ ነው ሚዛኑ ላይ ውሃው የቀለለው። ብዙ ሰባኪም፣ ብዙ ነጋዴም ይህችን ቦታ ይዘላታል፤ ከውሃው ቀጥታ ወደ መዳኑ ይሄዳል። ውሃው አልመዘነም! ሰውየው ጥርኝ በመስጠት ፈንታ ጣናን በሞላ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋውን ባሕር ቀድቶ ቢያጠጣ እንኳ በ78 ነፍስ አንጻር አይደፋም ነበር። የደም ዕዳ በውሃ ብዛት አይመለስም። ያነሣው ጥላው ነው፤ ጥላው ደግሞ ኪዳኑ ነው፣ ኪዳኑን የሰጠው ልጇ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በምዕራፍ 2 «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ካለ በኋላ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም የሚለው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ውሃው ለምን አስፈለገ? ጥላ የሚያርፍበት ይሻልና። ባዶ ሚዛን ላይ ጥላ ይጣልበት ብሎ ታሪኩ አልተናገረም። ጳውሎስም እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ በቁጥር 10፣ መልካሙን ሥራ ለማድረግ እንደተፈጠርን ይናገራል። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው ይላል፤ የሚያመጣው ምሳሌ ራሱ ራቁቱን ለሆነና ለተራበ ወንድም «በደኅና ሂድ፣ ሙቅ፣ ጥገብ» ብሎ በባዶ እጅ ስለሚሸኝ ሰው ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 10 መጨረሻ ላይም ስለ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ የተሰጠ ተስፋ አለ፤ ዋጋው አይጠፋበትም የተባለው ግን በደቀ መዝሙር ስም ላጠጣ ነው። ስሙ እምነቱ ነው፣ ውሃው ሥራው፣ ጥላው ጸጋው። በላዔ ሰብ መጀመሪያ የደነገጠው ስሙን ሲሰማ ነው፤ እጁ የተዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው።

በከተማችን ያሉ የወንጌላውያን አማኞች ይህን ታሪክ «ሰው በሥራው ይጸድቃል» ለማለት የተጻፈ አድርገው ሲነቅፉት ይሰማል። ሚዛኑን እስከ መጨረሻው ያዩ አይመስለኝም። በመካከላችን ያለው እውነተኛ ልዩነት ምልጃው ላይ ነው፤ እሱን በምልጃነቱ እንከራከርበት። የሥራና የጸጋ ነገርማ እዚያው በእነርሱ ሰፈርም ሲያከራክር ኖሮ፣ ካቶሊኮችና ሉተራውያን በ1999 እ.ኤ.አ. አውግስበርግ ላይ ተቀምጠው በጋራ ፈርመዋል፤ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ተቀባይነት የሚያገኘው በጸጋ እንጂ በራሱ ብቃት እንዳልሆነ፣ ጸጋውም ወደ በጎ ሥራ እንደሚጠራው። ኦርቶዶክሳውያን የዚያ ስምምነት ወገን አልነበርንም፤ ቢሆንም ያችን የዘጌ ሚዛን አይቶ ያደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ወደ አነጋገሩ ልመለስ። ለራሱ የሚጠቅሰው ሰው ሦስት ስሕተት ይሠራል። አንዱን አይተናል፤ ውሃውን ዋጋ ያደርገዋል። ሁለተኛው ስሌቱ ነው። በላዔ ሰብ ሲሰጥ ሚዛን እንዳለ አላሰበም፣ ስንት እንደሚቀነስለት አልቆጠረም። ሚዛኑን እያየ የሚያፈስ ሰው ሌላ ንግድ ውስጥ ነው ያለው። ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል፤ ንስሐን ይዘለዋል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግልጽ ነው፦ መጸጸት፣ ለንስሐ አባት መናዘዝ፣ የተሰጠውን ቀኖና መፈጸም፣ ከዚያም ሥጋውን ደሙን መቀበል። የቀማ ደግሞ ይመልሳል። ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ በገባ ቀን ለድኾች ግማሽ ሀብቱን እሰጣለሁ ካለ በኋላ አላበቃም፤ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ምጽዋቱና ካሣው ሁለት የተለያየ ሒሳብ ነው። ሚዛን የሰረቀ ሰው ለነዳያን የሚያድለው ብር የገዢዎቹ ነው፤ ከራሱ ገና ምንም አልሰጠም።

አሁን አሁን ደግሞ በንግሥ በዓል ሃይላንድ በካርቶን ገዝቶ ማደል መጥቷል። ደግ ነው፣ ይልመድ፤ ጥማት ያው ጥማት ነው። ግን አንድ ጠርሙስ ሲሰጥ አራት ስልክ ይደቀናል፤ የተቀባዩ አዛውንት ፊት ማታ ቴሌግራም ላይ ይወጣል፣ ሥሩም «በጥርኝ ውሃ» የሚል ይጻፍበታል። ለፎቶ አባባን «እስቲ ቀና ይበሉ» ማለትስ ምን የሚሉት ነው? ከፈለጉ አዛውንቱ ራሳቸው ይበሉት። ጠጥተው፣ ጢማቸውን ጠርገው፣ ላጠጣቻቸው ልጅ «በላዔ ሰብም ድኗል» ብለው ይመርቋት።

ሌላም ሊለው የሚገባ አለ፤ የንስሐ አባት። «አባቴ፣ እኔስ ከእንግዲህ አልድንም» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ለመጣ ሰው ካህኑ ይህን ታሪክ ሲያነሣለት ቦታው ነው። ተስፋ ላልቆረጠና ለመመለስም ላላሰበ ሰው ግን ባይነገረው ይሻላል። ለሕንጻ ማሠሪያ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ማስታወቂያ የምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶችም፣ ሚዛን የምትስሉ ከሆነ እባካችሁ ጥላውን ጨምራችሁ ሳሉት።