የሃርድዌር ጉድለትን በድራይቨር ማለፍ

ሶፍትዌር ላይ የተገኘ ስሕተት በሚቀጥለው እትም ይታረማል። ቺፕ ግን ማዘርቦርድ ላይ ከተበየደ በኋላ ስሕተቱ እስኪጣል ድረስ አብሮት ይኖራል። አምራቹ ዕቃውን መልሶ የሚቀይረው ከስንት አንዴ ነው፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1994 ማካፈል የሚሳሳተውን የፔንቲየም ፕሮሰሰር ለመተካት ሲስማማ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል። ስለዚህ ሸክሙ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ድራይቨሩ ላይ ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከዕቃው ጋር የሚነጋገርበት ኮድ ማለት ነው። ጉድለቱን አውቆ የሚያልፈውን ክፍል ሊነክስ በተባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የሚሠሩ ሰዎች «ክዊርክ» ይሉታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከመለያ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ የፒሲአይ (ካርዶችንና ቺፖችን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኝ መስመር) እና የዩኤስቢ ዕቃ ሲጠየቅ የአምራቹንና የሞዴሉን ቁጥር ይናገራል (ኢንቴል በፒሲአይ የያዘው ቁጥር 8086 ነው፤ በ1978 ያወጣው ፕሮሰሰር መጠሪያ)። ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ይህን ቁጥር ጉድለታቸው ከተመዘገበ ዕቃዎች ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፤ ካገኘው ለዚያ ዕቃ ብቻ የተለየ መንገድ ይከተላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የዩኤስቢ ማከማቻዎች ጉዳይ ይመስለኛል። ኮምፒውተሩ የዕቃውን መጠን ሲጠይቅ፣ ደንቡ የሚያዘው የመጨረሻውን ሴክተር (ዳታ የሚቀመጥበትን ትንሽ ክፍል) ቁጥር መመለስ ነው። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር 1000 ሴክተር ያለው ዕቃ 999 ማለት አለበት። አንዳንዱ ግን 1000 ይላል። ኮምፒውተሩም አንድ ጨምሮ 1001 ሴክተር አለ ብሎ ያምናል፤ የሌለውን ሴክተር ላንብብ ሲል ደግሞ ዕቃው ጭራሽ መልስ መስጠት ሊያቆም ይችላል። መፍትሔው አንድ መቀነስ ነው። ይሁንና ከሁሉም ላይ ቢቀነስ፣ በትክክል የሚቆጥረው ዕቃ የመጨረሻ ሴክተሩን ያጣል። ስለዚህ የሚሳሳቱትን አንድ በአንድ በስማቸው ከመመዝገብ ሌላ አስተማማኝ መንገድ የለም።

ሌላው ጉድለት ዳታ ያበላሻል። በ1990ዎቹ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የነበረው ሲኤምዲ 640 የተባለ የዲስክ መቆጣጠሪያ ሁለት መስመር ቢኖረውም፣ ሁለቱ እኩል ሲሠሩ ዳታው ሳይታወቅ ይበላሻል። የሊነክስ ድራይቨር አንዱ ሥራውን እስኪጨርስ ሌላውን ያስጠብቃል። ፍጥነት ይቀንሳል፤ የሰው ፋይል ግን ይድናል፤ ይህ ምርጫ ፈጽሞ ሊያጠራጥር አይገባም። በሳምሰንግ 840 እና 850 ኤስኤስዲዎች (የሚሽከረከር ዲስክ የሌላቸው ማከማቻዎች) ላይም ተመሳሳይ ውሳኔ ተወስዷል፤ የተሰረዙ ሴክተሮችን የሚያሳውቀው የትሪም ትእዛዝ ከሌሎች ትእዛዞች ጋር ተሰልፎ እንዳይላክ፣ ለብቻው እንዲሄድ ተደርጓል።

ጥሩ ክዊርክ ጠባብ ነው፤ የሚነካው ጉድለት ያለበትን ሞዴል፣ ከተቻለም ጉድለት ያለበትን የፈርምዌር (ዕቃው ውስጥ የተጫነ ሶፍትዌር) እትም ብቻ ነው። አጠገቡም ምክንያቱ መጻፍ አለበት፦ ምን ታየ፣ በየትኛው ዕቃ ላይ። ያለ ማብራሪያ የተተወ መስመርን ከዓመታት በኋላ ማንም ደፍሮ አይሰርዘውም፤ ወይም አንዱ ትርፍ መስሎት ያጠፋውና የድሮው ብልሽት ይመለሳል።

ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ዕቃ የያዘ ተጠቃሚም አዲስ ከርነል እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም። ሊነክስ ሲነሣ የዩኤስቢ ማከማቻውን ሁለት ቁጥሮችና የሚፈለገውን ማስተካከያ የሚወክል ፊደል ይቀበላል። አምራቹ ድጋፍ ያቆመበትን ያገለገለ ዕቃ ለሚጠቀም ሰው ያቺ አንዲት መስመር ዕቃውን ከመጣል ታድነዋለች።