ዲ አይ ዋይ ምንድን ነው? ከፐንክ ሮክ እስከ ደሴ ፎቶ ኮፒ ቤት

ደሴ ፒያሳ ላይ መዝፈን የሚያምረውን አንድ ወጣት አስቁማችሁ «ለምን አትጀምርም?» በሉት። መልሱን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ስቱዲዮ የለም። ስፖንሰር የለም። አዲስ አበባ ካልገባሁ ማን ይሰማኛል? ሥዕል የምትሥለውም፣ ግጥም የሚጽፈውም፣ አጭር ፊልም መሥራት የሚፈልገውም የሚሉት ያው ነው። ወደ ኮምቦልቻ ብትወርዱም የምትሰሙት አይለወጥም።

ዲ አይ ዋይ ይኼን ዓይነቱን ጥበቃ አልቀበልም የሚል ሐሳብ ነው። ስሙ «ዱ ኢት ዮርሰልፍ» ከሚለው እንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ ባጭሩ «ራስህ ሥራው፣ ራስሽ ሥሪው» ነው። ሐሳቡ ከሙዚቃ በፊትም ነበረ፤ ቤታቸውን ራሳቸው የሚያድሱና ወንበራቸውን ራሳቸው የሚጠግኑ ፈረንጆች ይጠሩበት ነበር። የፈጠራ ሰዎች መፈክር ያደረጉት ግን ፐንክ ሮከሮች ናቸው።

ፐንክ ሮክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒውዮርክና ለንደን ላይ የፈላ ሙዚቃ ነው። ፈጣን፣ አጭርና ጯሂ ነው። በትዝታና በመንዙማ ያደገ ሰው ሲሰማው ጆሮውን ቢይዝ አልፈርድበትም። እኔ የማወራው ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ ድምፁ አይደለም። በዚያን ጊዜ ሮክ የሀብታም ሥራ እየሆነ ነበር። ትልልቅ ባንዶች ወራት የሚፈጅ ቀረጻ ያደርጋሉ፤ ጊታሪስቱ ብቻውን አሥር ደቂቃ ይጫወታል፤ መድረኩ ስታዲየም ነው። አንድ የሠፈር ልጅ ይኼን አይቶ «እኔም እችላለሁ» ሊል አይችልም። ከዚያ ራሞንስ የሚባሉ የኒውዮርክ ልጆች መጡ። በ1976 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው 14 ዘፈን አለው፤ ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቀረጻው የወሰደው አንድ ሳምንት ገደማ ነው፤ ወጪውም 6,400 ዶላር አካባቢ ነበር። ያዳመጡት ልጆች «እንዲህማ ከሆነ እኛስ?» አሉ።

በ1977 መጀመሪያ ሳይድበርንስ የተባለች አንዲት የእንግሊዝ መጽሔት የሦስት ኮርዶችን (አንድ ላይ የሚመቱ የጊታር ድምፆችን) ሥዕል አወጣች። ከሥዕሉ ሥር የተጻፈው በእኛ አነጋገር ይኼውላችሁ አንድ ኮርድ፣ ይኼ ሁለተኛው፣ ይኼ ሦስተኛው፣ በሉ አሁን ባንድ መሥርቱ የሚል ነው። በቃ። ትምህርት ቤት ግቡ አላለችም፣ ሰርተፍኬት አልጠየቀችም።

ወሎ ላይ ይቺን ሥዕል እንሥል ብንል ጊታር አያስፈልገንም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው። ሁለቱ ስማቸውን እንኳ ከዚሁ ከአካባቢያችን ይጋራሉ፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ናቸው። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ነው ያለው። አንዴ ትዝታ ላይ ከተቃኘ የሚያስፈልጉት ድምፆች በሙሉ ክሮቹ ላይ ተዘርግተዋል። በአንደኛው አመታት ቀኝ እጅ ይመታል፣ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለገውን ክር ያፍናሉ። እንደ ጌቶቹ ለመጫወት ዓመታት ይፈጃል፤ አንዲት ቀላል ዜማ ለማውጣት ግን ከሰዓት በኋላው ይበቃል። የዘይት ቆርቆሮ ላይ እንጨት አስሮ፣ ሽቦ ወጥሮ ክራር የሚሠራ ሕፃን ይኼን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ቢጫ ጄሪካን ገልብጠው ለሠርግ የሚመቱት ልጆችም እንዲሁ። የሚገርመኝ ይኼ ድፍረት አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላን የት እንደሚገባ ነው።

አሁን ወደ ማንቸስተር ልውሰዳችሁ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው የሚቀርበው የማንቸስተሩ ይመስለኛል። ማንቸስተር በጥጥና በጨርቅ ፋብሪካ ያደገች ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻን የሚያውቅ ሰው ሥዕሉ ይመጣለታል። ከለንደን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። እኛ ከአዲስ አበባ 400 እንርቃለን። የሙዚቃ ኩባንያው፣ ጋዜጣው፣ ቴሌቪዥኑ ያለው ለንደን ነው። ማንቸስተር ሆኖ ሸክላ ማሳተም ከባድ ነበር።

ሃዋርድ ዴቮቶና ፒት ሼሊ የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች በ1976 መጀመሪያ ሴክስ ፒስትልስ ስለሚባል የለንደን ባንድ አነበቡ። መኪና ተውሰው ሄደው አዩት። ወደዱት። ሌላ ሰው ቢሆን «ለንደን እኮ...» እያለ ወሬውን ለጓደኞቹ ይዞ ይመለስ ነበር። እነሱ ባንዱን ወደ ራሳቸው ከተማ ጠሩት። አዳራሽ ተከራዩ፣ ትኬት ሸጡ። ጁን 4 ቀን 1976 ባንዱ ማንቸስተር ተጫወተ። በዝኮክስ የሚባለው የራሳቸው ባንድ ገና ስላልደረሰ አዘጋጆቹ መድረክ ላይ አልወጡም። የመጣው ተመልካች 40 ሰው ገደማ ነው። ደሴ ላይ እንዲህ ዓይነት ዝግጅት «ከሸፈ» ነው የሚባለው። ከታዳሚዎቹ መካከል ግን በኋላ ጆይ ዲቪዥንና ዘ ስሚዝስ የሚባሉትን ስመ ጥር ባንዶች የመሠረቱ ልጆች ነበሩ። በዝኮክስም በሚቀጥለው ወር እዚያው አዳራሽ ተጫወቱ።

ከዚያ ሸክላ ማውጣት አማራቸው። ኩባንያ አልጠበቁም። ከቤተሰብና ከጓደኛ 500 ፓውንድ ገደማ ተበደሩ። በዲሴምበር መጨረሻ በአንድ ቀን አራት ዘፈን ቀረጹ። በጃንዋሪ 1977 ራሳቸው ባቋቋሙት አሳታሚ 1,000 ቅጂ አወጡ። የሽፋኑን ፎቶ ጓደኛቸው ወዲያው በሚያትም ካሜራ አነሣው። በፖስታና እዚያው ማንቸስተር ባለ ሱቅ ሸጡት። በኋላ 16,000 ቅጂ ደረሰ። ለንደን አልገቡም፤ ማንንም ደጅ አልጠኑም።

እኔ ከገንዘቡ በላይ የምወደው ሽፋኑን ነው። እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀረጸና በላዩ የተጨመረ ድምፅ ይኑር አይኑር ተጽፎበታል። የምግብ ቤት ባለቤት ወጡን አቅርቦ ስንት ሽንኩርት እንደገባበት ቢነግራችሁ አስቡት። በ1978 ስክሪቲ ፖሊቲ የተባለ ሌላ ባንድ ከዚህም አለፈ። የስቱዲዮውን፣ የማሳተሚያውንና የመለያ ወረቀቱን ወጪ ሽፋኑ ላይ ዘርዝሮ አተመ። ከሁለቱ በመሀል የወጡ ዴስፐረት ባይስክልስ የሚባሉ ልጆች ደግሞ የመጀመሪያ ሸክላቸው የፈጀው 153 ፓውንድ ብቻ እንደሆነ ለሰው ሁሉ ተናገሩ። እናንተም ሂዱና ሞክሩት ነው ነገሩ።

ዲ አይ ዋይ ሁለት ነገር ነው የምለው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያየዋል፤ ራስህ ሥራ። ሁለተኛው ደግሞ እንዴት እንደሠራህ ለቀጣዩ ሰው አሳይ ነው። እኛ ጋ የሚጎድለው ሁለተኛው ነው። ራስን ችሎ መሥራትማ ወሎዬ መቼ አነሰው? ግን «ሙያ በልብ ነው» እያልን ነው ያደግነው። ተረቱ ስለ ትሕትና ነበር፤ እኛ ለድብብቆሽ አዋልነው። ቪዲዮ ክሊፕ የሠራውን ልጅ ስንት ፈጀብህ ብትሉት ዋጋውን ወይ እጥፍ ያደርገዋል ወይ ይሥቃል። ዲዛይን የሚሠራው የሚጠቀምበትን ሶፍትዌር ሰው ሲመጣ ይዘጋዋል። ጎበዝ፣ ማን ሊወስድብን ነው? ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፣ ሁሉም አንዱን ገደል በየተራ ይወድቅበታል።

አንድ ነገር ላስተካክል። ፐንክ ሁሉ ዲ አይ ዋይ አይደለም። ሴክስ ፒስትልስ በ1976 ከኢ ኤም አይ ጋር፣ ክላሽ በ1977 ከሲ ቢ ኤስ ጋር ፈርመዋል፤ ኢ ኤም አይም ሲ ቢ ኤስም በጊዜው ግዙፍ የሙዚቃ ኩባንያዎች ነበሩ። በሌላ በኩል ደግሞ በ1980 አበሻ የሞላባት ዋሽንግተን ውስጥ ኢያን መካይና ጄፍ ኔልሰን የተባሉ ልጆች ዲስኮርድ የሚባል አሳታሚ አቋቁመው የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ሽፋን በመቀስ እየቆረጡ፣ እያጠፉ፣ በሙጫ እየለጠፉ ሸጠዋል። ያ አሳታሚ ዛሬም በራሱ የቆመ ነው።

ለነገሩ እኛም ከዚህ የቀደመ ታሪክ አለን። በጃንሆይ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ቲያትር ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ያንን አዋጅ ተዳፍሮ ሕንድ አገር ሸክላ አሳትሞ አመጣ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። የጀመረው ራሞንስ ገና ባልተመሠረቱበት ጊዜ ነው! ፐንክና እኛ ፊት ለፊት የተገናኘንበት ቀንም አለ። ዘ ኤክስ የሚባለው የሆላንድ ፐንክ ባንድ በ2004 ሳክስፎኒስቱን ጌታቸው መኩሪያን ለ25ኛ ዓመት በዓሉ አምስተርዳም ጋበዘው። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የሚጫወተው ጌታቸው ያኔ ሰባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። አጅቡኝ አላቸው፤ በ2006 አብረው አልበም አወጡ። ፉከራና ፐንክ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ያን አልበም የሰማ ያውቀዋል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚያናድደኝ። ድህነትን ዲ አይ ዋይ ብሎ ማቆላመጥ ልክ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻን ሲያልፍባቸው ስንት ሱቅ፣ ስንት ማሽን፣ ስንት ኮምፒውተር ተዘረፈ። ከዚያ በኋላ ሰው ከባዶ የጀመረው መንፈስ ቀስቅሶት ሳይሆን ሌላ አማራጭ ስላልነበረው ነው። መብራት ሲጠፋ በሻማ የሚጽፍ ተማሪም ፐንክ አይደለም፣ መብራት የጠፋበት ተማሪ ነው። ፐንኮቹ እቃ ስለሌላቸው አልኮሩም። የኮሩት ያለ ፈቃድ በመሥራታቸው ነው። ቀሽም ሥራም ነፃ አይወጣም፤ ራሞንስ ሦስት ኮርድ ብቻ ይጫወቱ እንጂ ያቺን ሦስት ኮርድ እስኪበቃቸው አጥንተዋት ነበር።

ከየት ልጀምር ለሚል ሰው ከሙዚቃ ይልቅ መጽሔትን እመክራለሁ። ማርክ ፔሪ የሚባል የለንደን ባንክ ሠራተኛ በ1976 የጀመራት መጽሔት በልጆች ታይፕራይተርና በእስክሪፕቶ የተሠራች ነበረች። መጀመሪያ የተባዛችው 50 ቅጂ ገደማ ነው። በሺዎች ስትሸጥ አቆማትና አንባቢዎቹን የራሳችሁን ጀምሩ አላቸው። እንዲህ ዓይነቷን የእጅ ሥራ መጽሔት ፋንዚን ይሏታል። የግድግዳ ጋዜጣ ለጥፎ ወይም ሚኒ ሚዲያ ላይ አንብቦ የሚያውቅ የወይዘሮ ስህን ወይም የሆጤ ተማሪ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

የሚያስፈልገው አንድ ኤ ፎር ወረቀት ነው። ሦስት ጊዜ እጥፍ እጥፍ አድርጉት፤ ሲዘረጋ ስምንት ክፍል ይሆናል። አሁን አጭሩን ጎን ከአጭሩ ጎን ጋር ገጥማችሁ አንዴ እጠፉት። ከታጠፈው በኩል ጀምራችሁ በመሀሉ መስመር እስከ መካከለኛው እጥፋት ብቻ በመቀስ ቁረጡ። ዘርጉትና በረጅሙ እጠፉት። ሁለቱን ጫፎች ወደ መሀል ስትገፏቸው ቀዳዳው ይከፈትና መስቀል ይመስላል፤ ያንን ጠቅልላችሁ ስታጋድሙት ባለ ስምንት ገጽ መጽሔት ይወጣችኋል። ስቴፕለር እንኳ አይፈልግም። ጽሑፉና ሥዕሉ በወረቀቱ አንድ ፊት ላይ ብቻ ስለሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትከፍሉት የአንድ ፊት ዋጋ ነው። መጀመሪያ በእርሳስ ገጾቹን ቁጠሩ፤ ወረቀቱ ሲዘረጋ ግማሾቹ ተገልብጠው ስለሚቆሙ ሳይቆጥር የጻፈ ሰው ግጥሙ በአናቱ ይቆምበታል። ስለ ሰኞ ገበያ ጻፉ፣ ስለ ሐረጎ መንገድ ጻፉ፣ የአያታችሁን ግጥም አስገቡ። በጀርባው ገጽ ኮፒው ስንት ብር እንደፈጀ፣ የት እንደተባዛና ወረቀቱ እንዴት እንደሚታጠፍ ጻፉበት።