ለቬፕ (ለኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ኮይል ልኩ የሆነ ቮልቴጅ ምንድን ነው?

«ስንት ቮልት ላይ ላድርገው?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው መልስ የለውም። ያው 4 ቮልት አንዱን ኮይል በቅጡ ሳያግለው ሌላውን ያሳርረዋል። ወሳኙ በኦም የሚለካው የኮይሉ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የመግታት አቅሙ ነው። ልኩ ነው ስንልም ኮይሉና ጥጡ አያርሩም ማለታችን እንጂ ጢሱ ለሳንባ ደህና ነው ማለታችን አይደለም።

ኮይል ጥጥ ያቀፈ ቀጭን ሽቦ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል፤ ጥጡ የመጠጠው ፈሳሽም ይተናል። የሚያግለው ኃይል የሚለካው በዋት ሲሆን ስሌቱም ቀላል ነው፦ ቮልቱን በራሱ አባዝቶ ለኦሙ ማካፈል። 1.5 ኦም የሆነ ኮይል በ3.5 ቮልት 8 ዋት ገደማ ይወስዳል። ወደ 5 ቮልት ከፍ ሲል ግን 17 ዋት ሊሞላ ምንም አይቀረው። የጨመርነው 1.5 ቮልት ብቻ ነው፤ ኃይሉ ግን እጥፍ ሆነ። ብዙ ሰው ኮይል የሚያቃጥለው «ትንሽ ልጨምር» ሲል የሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ኮይሉ ላይ የታተመው ቁጥር ነው። «0.8 ኦም፣ ከ12 እስከ 16 ዋት» ካለ፣ በቮልት ከ3.1 እስከ 3.6 አካባቢ መሆኑ ነው። ከታችኛው ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር ይሻላል።

ልኩ ሲታለፍ ፈሳሹ ጥጡ መልሶ ከሚመጥበት ፍጥነት በላይ ይተናል፤ ጥጡ ይደርቅና ያራል፤ ጉሮሮ የሚቧጥጥ የቃጠሎ ጣዕም ይመጣል። ፈሳሹ ውስጥ ያሉት ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪንም ከመጠን በላይ ሲግሉ እንደ ፎርማልዲሃይድና አክሮሊን ወዳሉ መርዞች ይለወጣሉ። በ2015 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ፎርማልዲሃይድ የሚለቁ ውህዶችን በ3.3 ቮልት ሳያገኝ በ5 ቮልት አግኝቷል። ተቺዎች «እንዲህ የጋለውን ማንም ችሎ አይስበውም» ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ ያ ጣዕም ከመጣ ወዲያው ማቆም ነው። ያረረ ጥጥ ቮልት ዝቅ ስላደረጉለት አይድንም፤ ኮይሉ ይቀየር።

ኦሙ በጣም ሲያንስ ደግሞ አደጋው ወደ ባትሪው ይዞራል። ሙሉ የተሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው፤ በ0.15 ኦም ኮይል ላይ 28 አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሰት ይጠየቃል። ብዙዎቹ 18650 የሚባሉት የቬፕ ባትሪዎች ይህን ያለማቋረጥ መስጠት አይችሉም፤ ይግላሉ፣ ጋዝ ይተፋሉ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። መቆጣጠሪያ ቦርድ ያለው መሣሪያ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ራሱ ያቋርጣል። ቦርድ የሌለው፣ ሜካኒካል ሞድ የሚባለው መሣሪያ ግን የሚያስቆመው ስለሌለ፣ ኦም መለካትና ስሌት መሥራት ለማይችል ሰው ጨርሶ አይመከርም።