ሶላር ፓኔልና ፓወር ስቴሽን ስናገናኝ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከእንጦጦ ማዶ፣ እኛ ሱሉልታ ሰፈር፣ አሁን አሁን ብዙ ቤት ፓወር ስቴሽን ገብቷል። ባትሪው፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው) እና የሶላር ኮንትሮለሩ (ከፓኔሉ የሚመጣውን ኃይል ለባትሪው የሚመጥነው) በአንድ ላይ ያሉበት፣ እጀታ ያለው ሳጥን ነው። ሳጥኑን የገዛ ሰው ቀጥሎ ፓኔል ይፈልጋል። የሳጥኑ አምራች የሚሸጠው ሲወደድበት መርካቶ ወርዶ ሌላ ይገዛል። ጥሩ አደረገ። ችግሩ የሚመጣው ሲያገናኝ ነው። የአንድ ጎረቤቴ ሳጥን ገና ሳምንት ሳይሞላው ተቃጠለ። በጣም አዘንኩ፤ ቁጠባውን ነበር ያወጣበት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲናገራቸው የምሰማቸውን ነገሮች እዚህ ልመልስ።

«የሌላ ኩባንያ ፓኔል ሳጥኑን ያበላሻል»

አያበላሽም። ሳጥኑ የፓኔሉን ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው የሚገባለትን ቮልትና አምፔር ነው። ልኩ ከገጠመ ማንኛውም ፓኔል ይሠራል።

«ዋቱ ከተስማማ በቃ»

ጎረቤቴን ያከሰረው ይሄ ነው። ገበያ ላይ ሁላችንም የምንጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብለን ነው። ሳጥን የሚገድለው ግን ቮልት ነው። ፓኔሉን ገልብጡና ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ቪኦሲ (Voc) የሚል ቁጥር አለ። ፓኔሉ ከምንም ነገር ጋር ሳይገናኝ የሚሰጠው ቮልት ነው። ከዚያ የሳጥኑን መመሪያ አውጡና የሶላር መግቢያውን ልክ እዩ። ለምሳሌ «ከ12 እስከ 60 ቮልት፣ 10 አምፔር» ይላል። 60 ማለት የመጨረሻው ወሰን ነው። ትንሽ ቢያልፍ ምንም አይልም ብላችሁ አትሞክሩ።

ጎረቤቴ «ባለ 12 ቮልት» የሚባሉ ሦስት ፓኔሎች ገዛ። የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ነጌቲቭ እያያዘ በሲሪየስ ቀጠላቸው። ሲሪየስ ቮልት ይደምራል። ሦስት ጊዜ 12፣ 36 ነው ብሎ አሰበ። ባለ 12 ቮልት የሚባል ፓኔል ግን ቪኦሲው 22 አካባቢ ነው። 12 የሚለው ስም የመጣው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስለሚሞላ ነው። ስለዚህ 60 ለሚችል ሳጥን 66 ቮልት ላከበት።

«የሚያስፈራው የቀትር ፀሐይ ነው»

ተቃራኒው ነው፤ ለእኛ አካባቢ ደግሞ በጣም ያስፈልጋል። ፓኔል ሲሞቅ ቮልቱ ይወርዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል። ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር የተለካው በ25 ዲግሪ ነው። ከዚያ በታች ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.3 በመቶ ገደማ ይጨመራል። የታኅሣሥን ጠዋት አስቡት። ፓኔሉ 5 ዲግሪ ላይ ሆኖ ፀሐይ ስትወጣ ቮልቱ 6 በመቶ ከፍ ይላል። ቪኦሲያቸው 29 የሆነ ሁለት ፓኔሎች በወረቀት 58 ናቸው። በዚያ ጠዋት ግን ከ61 ያልፋሉ። ስለዚህ ቢያንስ 10 በመቶ ክፍተት ተዉ።

«አምፔሩ ከበዛ ሳጥኑ ይቃጠላል»

አብዛኛውን ጊዜ አይቃጠልም። ሳጥኑ የሚችለውን ያህል ይስባል፣ ቀሪው ይባክናል። መመሪያው ግን በግልጽ የሚከለክል ከሆነ መመሪያውን ስሙ። ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ነጌቲቭን ከነጌቲቭ አገናኝታችሁ በፓራለል የምትቀጥሉ ከሆነ የፓኔሎቹ ቮልት ይቀራረብ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ለእያንዳንዱ ፊውዝ አስገቡ።

«መሰኪያው ከገባ ልክ ነው»

እባካችሁ ይሄን አትመኑ። ቅርጹ አንድ ሆኖ ፖዘቲቩና ነጌቲቩ የተገለበጠ ገመድ አለ። አንዳንዱ ሳጥን ከዚህ መከላከያ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ቴስተር ግዙ ወይም ተዋሱ። ዲሲ ቮልት (DC፣ እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኃይል) ላይ አድርጉት፤ ቀዩን ሽቦ ፖዘቲቭ ባላችሁት ላይ፣ ጥቁሩን በሌላው ላይ። ቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ ተገልብጧል። በዚያው ጠቅላላ ቮልቱንም ታያላችሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«መሃል ላይ ኮንትሮለር ብጨምር የበለጠ ይጠብቀዋል»

አይጠብቀውም። ኮንትሮለሩ ሳጥኑ ውስጥ አለ። ከውጭ የሚገዛው የተሠራው ለባትሪ ስለሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ሳጥኑ በደንብ አይሞላም፣ ወይም ጭራሽ አይጀምርም።

«ገመዱን በፈለግሁ ሰዓት ብነቅለው ችግር የለውም»

ፀሐይ ላይ ያለ ፓኔል ማጥፊያ የለውም። ኃይል እያለፈ ሳለ ስትነቅሉት ብልጭታ ይፈጠራል፤ የዲሲ ብልጭታ ደግሞ ቶሎ አይጠፋም። መሰኪያ ያቀልጣል፣ እጅ ያቃጥላል። መጀመሪያ ፓኔሉን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑት ወይም ፊቱን መሬት ላይ ድፉት፣ ከዚያ ንቀሉ።

«ሳጥኑም ከፓኔሉ ጋር ውጭ ይቀመጥ»

ፓኔሉ ፀሐይ ይወዳል፣ ባትሪው አይወድም። ሳጥኑ ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚያገኝበት ይሁን። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናብ እንዳይነካው። ለርቀቱ 4 ወይም 6 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የሶላር ገመድ ግዙ፤ ቀጭን ሽቦ ይሞቃል፣ ኃይልም ይበላል።

ጎረቤቴ ሌላ ሳጥን ገዝቷል፣ ያው 60 ቮልት የሚችል። ሁለቱን ፓኔሎች በሲሪየስ አገናኘናቸው፤ ቴስተሩ 43 አሳየን። ሦስተኛውን ጫንጮ ላሉት እናቱ ከባትሪና ከራሱ ኮንትሮለር ጋር ወሰደላቸው።