«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር»፦ ከማኅሌት እስከ ዶ ሬ ሚ

ይህ ተረት የሚተረተው የሌላው ሥራ ቀሎ ለታየው ሰው ነው። ዳር ቆሞ «ይቺማ ምን አላት!» ለሚለው።

ነገሩ የሚነሣው ከራሱ ከከበሮው ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ሁለት አፍ አለው፣ አንዱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ፤ ድምፃቸውም ለየቅል ነው። ቀኝ እና ግራ እጅ የየራሳቸውን ይመታሉ። ማኅሌቱ በዝግታ ይጀምርና እየቆየ ይፈጥናል። መቺው ከጸናጽሉና ከመቋሚያው ጋር እኩል ካልሄደ ዜማው ይፈርሳል። ከሩቅ ለሚያይ ግን ሰውየው እየተወዛወዘ ቆዳ ከመደብደብ ሌላ ሥራ የለውም።

ተረቱ ከሙዚቃ ሳይወጣ ሌላም ቦታ በደንብ ይሠራል፤ የድምፅን ስም ከሰው ቋንቋ መዋስ ላይ።

የሙዚቃ ድምፆች የሚጠሩበት ዶ ሬ ሚ የተወለደው ጣሊያን ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የአሬዞው ጉይዶ የሚባል መነኩሴ ለመዘምራኑ ዜማ ቶሎ የሚያዝበት መላ ፈለገ። ለመጥምቁ ዮሐንስ የሚዘመር አንድ መዝሙር ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ስንኞች እያንዳንዳቸው ከፊተኛው ከፍ ብለው የሚነሡ። የስንኞቹን መነሻ ቀለም ወሰደና ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ አለ። ሲ የመጣችው በኋላ ነው።

የእኛም የዜማ ሊቃውንት ከዚህ ብዙ አልራቁም። በዜማ መጻሕፍት ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ትናንሽ ፊደላት ከታወቀ ዜማ ቃል የተቆረጡ ናቸው። መሪጌታው ፊደሏን ሲያይ ዜማው ይመጣለታል። ጉይዶ ግን አንዲት ድምፅ ሲሰይም የእኛዎቹ የሰየሙት ሙሉ የዜማ ሐረግ ነው።

ስሞቹ አገር ሲያቋርጡ ማደናገር ጀመሩ። ኡት ለራሳቸው ለጣሊያኖቹም አልተመቸች፤ መጨረሻዋ ላይ ድምፅ ይቆረጣል። ዶ አሏት። ጃፓኖች ላን ራ፣ ሲን ሺ ይሏቸዋል። ከዚህም ሌላ ከራሳቸው የፊደል ተራ የወሰዱት ሃ፣ ኒ፣ ሆ፣ ሄ፣ ቶ፣ ኢ፣ ሮ አላቸው። በእንግሊዝ ደግሞ ሣራ ግሎቨር የምትባል የኖርዊች አስተማሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲን ቲ አደረገቻት። ስሞቹን በመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ መጻፍ ስትፈልግ ሶልና ሲ በአንድ የላቲን ፊደል፣ በS፣ ይጀምሩባታል።

እስኪ ይህን ወደ ፊደላችን እናምጣው። መጀመሪያ ላይ በጣም ያምራል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ አንዳንድ ፊደል ብቻ ናቸው፤ ሁለት የምትፈጀው ሶል ናት። ሶ እና ሲ በመልክም ስለሚለያዩ የግሎቨር ጭንቀት እኛ ዘንድ የለም። ታዲያ ቲ ምን ታደርግልናለች?

ቆይ፣ ሻርፕ ገና አልመጣም። በእንግሊዞቹ ዘዴ ድምፅ በግማሽ ሲወጣ፣ ሻርፕ ሲሆን ማለት ነው፣ አናባቢው ወደ ኢ ይለወጣል፤ ዶ ዲ፣ ሬ ሪ፣ ፋ ፊ፣ ላ ሊ ይሆናል። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ላደገ ሰው ከዚህ የሚመች የለም። ሣልሷን መጥራት ነው፣ አለቀ። የሶ ሣልስ ግን ማን ናት? ሲ! ሄዳ ከሰባተኛዋ ድምፅ ጋር ትላተማለች። ሳንወድ በግድ ቲን እንቀበላለን። ደስ የሚለው፣ ሚ እና ቲ ሲፈጠሩም ሣልስ ናቸው፤ ወደሚቀጥለው ድምፅ ግማሽ እርምጃ ብቻ ስለሚቀራቸው የራሳቸው ሻርፕ አያስፈልጋቸውም።

በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ርቀት፣ ኢንተርቫል የሚባለው፣ ሲሰየም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ስሙ ተራ ቁጥር ስለሆነ ለትርጉም ቀላል ይመስላል፤ ከዶ እስከ ሚ ሦስተኛ፣ ከሚ እስከ ሶል ሦስተኛ። ሁለቱ ሲደመሩ ግን አምስተኛ እንጂ ስድስተኛ አይሆኑም፤ መካከል ያለችው ሚ ሁለቴ ተቆጥራለችና። ደግሞም ከዶ እስከ ሚ ያለው ከሬ እስከ ፋ ካለው በግማሽ ድምፅ ይሰፋል፤ ሁለቱም ግን ሦስተኛ ናቸው። ጀርመኖች አንዱን ትልቅ፣ ሌላውን ትንሽ ሦስተኛ ብለው ይለያሉ። እኔም ለአማርኛ ከእንግሊዝኛዎቹ ሜጀርና ማይነር ይልቅ ይህ የሚሻል ይመስለኛል፤ ጀማሪ ተማሪ ስሙን እንደሰማ የቱ እንደሚሰፋ ያውቃል።