ማይክ፣ ወንበርና ሠርግ ቤት፦ የታይዋን ቃል አቀባዮች ወደ ምክር ቤት የሚገቡበት መንገድ

በታይዋን ፖለቲካ ወደ ላይ መውጫው ብዙ ነው። አንዳንዱ ከፖለቲካ ቤተሰብ ይወለድና የአባቱን የምርጫ ክልል ይወርሳል። አንዳንዱ ከከተማ ምክር ቤት ጀምሮ ቀስ እያለ ይወጣል። ሌላው ደግሞ በማይክ ይወጣል። የፓርቲ ቃል አቀባይ ይሆናል፣ ጥቂት ዓመት በቴሌቪዥን ይታያል፣ ከዚያ ምክር ቤት ይገባል። ይህን ሦስተኛውን መንገድ እስከ ጫፉ የሄደች አንዲት ሴት አለች፤ ቼንግ ሊውን። በቻይንኛ የቤተሰብ ስም ይቀድማልና "ቼንግ" የቤተሰቧ መጠሪያ ነው። እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ምክር ቤቱ ጥቂት እንበል። የታይዋን መንግሥት "ዩዋን" የሚባሉ አምስት አካላት አሉት። ሕግ አውጪው ሌጂስሌቲቭ ዩዋን ይባላል። ታይፔ ውስጥ ዦንግሻን ደቡብ ጎዳና ላይ ይገኛል። ከውጭ ለሚያየው ፓርላማ አይመስልም፤ ትምህርት ቤት ነው የሚመስለው። ነበርም። ጃፓን ደሴቷን በምትገዛበት ዘመን የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ምክር ቤቱ የገባበት በ1960 ነው። በጊዜያዊነት የተያዘ ቤት እንዴት ቋሚ እንደሚሆን እኛም እናውቀዋለን፤ እነሱም እስካሁን እዚያው ናቸው።

መቀመጫዎቹ 113 ናቸው። ድሮ 225 ነበሩ፤ ከ2008ቱ ምርጫ ጀምሮ በግማሽ ተቀነሱ። 73ቱ ከምርጫ ክልል ይመረጣሉ። 6ቱ ለደሴቷ ነባር ብሔረሰቦች የተተዉ ናቸው። የቀሩት 34 በፓርቲ ዝርዝር የሚያዙ ናቸው፤ ፓርቲው ባገኘው ድምፅ ልክ ካዘጋጀው የስም ዝርዝር ሰው ያስገባል። መራጩ ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል፤ በአንዱ ሰው ይመርጣል፣ በሌላው ፓርቲ። ከፓርቲ ድምፅ 5 በመቶ ያላገኘ ድርጅት ከ34ቱ አንድም አይደርሰውም።

ለቃል አቀባዮች ዋናው ነገር ይሄ ዝርዝር ነው። በክልል የተመረጠ ሰው አለቃው የሰፈሩ ሕዝብ ነው። ሕዝቡ ካልወደደው ፊርማ አሰባስቦ፣ ድምፅ ሰጥቶ ሊያነሳው ይችላል። በዝርዝር የገባውን ግን ሕዝብ ሊያነሳው አይችልም። ፓርቲው ካባረረው ግን ወንበሩንም ያጣል። ስለዚህ ዝርዝሩ ለታማኞችና ፓርቲው ለሚፈልጋቸው አንደበቶች የሚመች በር ነው። ሕጉ በአንድ ፓርቲ ዝርዝር ከሚያልፉት ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑም ያስገድዳል። ታይዋን በእስያ ሴት እንደራሴ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ የሆነችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቃል አቀባዩ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? በቻይንኛ ፋያንረን ይሉታል፤ ቃል የሚያወጣ ሰው እንደማለት ነው። የኛው "ቃል አቀባይ" የሌላውን ቃል ተቀብሎ የሚያሳልፍ ነው። የእነሱ ከአፉ ያወጣል። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ሥራውን ያየ ግን ልክ ነው ይላል። ትልልቆቹ ፓርቲዎች አንድ ብቻ አይሾሙም፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ቃል አቀባዮች ይኖሯቸዋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ወጣቶች ናቸው። ጠዋት ተቀናቃኙ ፓርቲ ፌስቡክ ላይ አንድ ነገር ይለጥፋል። መልሱ ለምሳ ዜና መድረስ አለበት። ጋዜጠኞቹ ላይን በሚባለው የመልእክት መተግበሪያ ቡድን ውስጥ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ረቡዕ ደግሞ የባሰ ቀን ነው፤ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች የአንዱ፣ የኩሚንታንግ፣ ማዕከላዊ ቋሚ ኮሚቴ የሚሰበሰበው ረቡዕ ነው። በር ተዘግቶ ሲሟገቱ ይቆያሉ፤ ከዚያ ቃል አቀባዩ ይወጣና ውስጥ ሁሉም ነገር ሰላም እንደነበር ይናገራል።

ማታ ደግሞ የቴሌቪዥን የውይይት ፕሮግራሞች አሉ። ታይዋን በእነዚህ የታወቀች ናት። በየምሽቱ፣ በየጣቢያው፣ ለሰዓታት ስለ ፖለቲካ ይወራል። በዚያ ተቀምጠው የሚከራከሩትን ሰዎች ሕዝቡ ሚንግዝዊ ይላቸዋል፤ ዝነኛ አፍ ማለት ነው። ውዳሴም ስድብም ነው፤ እንደ አነጋገሩ። ጥሩ ቃል አቀባይ ከመግለጫ ክፍል ወጥቶ ቀጥታ እዚያ ይሄዳል፤ ሲዋጣለትም ዝነኛ አፍ ይሆናል። ፓርቲው ቀጣዩን ዝርዝር ሲያዘጋጅ ፊቱ ከማንም በፊት ትዝ ይላል።

ወደ ቼንግ እንምጣ። በ1969 ተወለደች። አባቷ ከቻይናዋ ዩናን የመጣ ወታደር ነው፤ እናቷ የታይዋን ተወላጅ ናት። ብሔራዊ የታይዋን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች። በተማሪነቷ ጊዜ ምክር ቤቱ ራሱ የአገሩ ትልቁ ቁስል ነበር። አባላቱ በ1948 በቻይና ምድር የተመረጡ ነበሩ። የኩሚንታንግ መንግሥት በ1949 ተሸንፎ ወደ ታይዋን ሲሻገር እነሱም አብረው ተሻገሩ። የመረጧቸው አውራጃዎች በኮሚኒስቶች እጅ ቀሩ። አዲስ ምርጫ ማድረግ አይቻልም ተባለ፤ እነሱም አርባ ዓመት ያለ ምርጫ ተቀመጡ። ሕዝቡ "የአሥር ሺህ ዓመት ምክር ቤት" አለው። ሽማግሌዎቹን ደግሞ ተማሪዎቹ "አሮጌ ሌቦች" ይሏቸው ነበር።

በመጋቢት 1990 ተማሪዎች ታይፔ አደባባይ ላይ ተቀመጡ። ንቅናቄው የዱር አበባ ሊሊ ስም ተሰጠው። ፕሬዚዳንት ሊ ተንግ-ሁዊ ተወካዮቻቸውን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ሰኔ የሕገ መንግሥት ዳኞቹ ሽማግሌዎቹ እስከ 1991 መጨረሻ እንዲወጡ ወሰኑ። በ1992 ምክር ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በታይዋን ሕዝብ ተመረጠ። ቼንግ በዚያ ንቅናቄ ውስጥ ነበረች። ያኔ የነበረችው በተቃዋሚው በዴሞክራቲክ ፕሮግረሲቭ ፓርቲ በኩል ነው፤ ቀለሙ አረንጓዴ ስለሆነ ሰዉ በአጭሩ አረንጓዴ ይለዋል። ኩሚንታንግ ሰማያዊ ነው። በ1996 በአረንጓዴዎቹ ስም የብሔራዊ ጉባኤ አባል ሆነች። ጉባኤው ሕገ መንግሥት የሚያሻሽል ሌላ አካል ነበር፤ በ2005 ፈርሷል።

በ2002 ከፓርቲዋ ጋር ተጋጭታ ወጣች። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ኩሚንታንግ ገባች። አዎ፣ አሮጌዎቹን ሌቦች አርባ ዓመት ያስቀመጠው ኩሚንታንግ። ቃል አቀባዩም ሆነች።

ይሄን ጊዜ አንባቢ "ከሃዲ" ሊላት ይችላል፤ የቀድሞ ጓዶቿም ብለዋታል። እኔ ግን የሙያው ባሕርይም ያለበት ይመስለኛል። ሌላ ፖለቲከኛ ፓርቲ ሲቀይር ሰፈሩን፣ ገንዘብ ሰጪውን፣ ድጋፉን ይተዋል። ቃል አቀባይ ሀብቱ አንደበቱ ነው፤ የትም ቢሄድ ይዞት ይሄዳል። ለተቀባዩ ፓርቲ ደግሞ ከድሮ ቤቱ የመጣ ተናጋሪ ይጥማል፤ የማንን ጓዳ የት እንደሚነካ ያውቃል።

በ2008 በኩሚንታንግ ዝርዝር ምክር ቤት ገባች። በ2012 ግን ዝርዝሩን ትታ ታይቹንግ ውስጥ በምርጫ ክልል ተወዳደረች፤ በአረንጓዴዋ ሆ ሺን-ቹን ተሸነፈች። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የማይክ መንገድ የሚሰናከለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነውና።

በታይዋን የክልል እንደራሴ ትልቁ ሥራ ሠርግና ለቅሶ ነው። ቀልድ አይደለም። ነገሩን "ቀይና ነጭ" ይሉታል። ለሠርግ ገንዘብ በቀይ ፖስታ ይሰጣል፣ ለለቅሶ በነጭ። ለሠርግ የሚሰጠው ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት፤ ጥንድ ነውና። ለለቅሶ ጎዶሎ፤ ሐዘኑ እንዳይደገም። እንደራሴው ቅዳሜና እሁድ ከድንኳን ድንኳን ይዞራል። ሙሽሮቹን ይመርቃል፣ ብርጭቆ ያነሳል፣ ሳይበላ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ጠዋት ደግሞ ለቅሶ ቤት ዕጣን ይዞ ይሰግዳል። የሞተውን ሰው ስም አያውቅ ይሆናል፤ ቤተሰቡ ግን ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ያውቃል። የኛ ሰው ይሄን ለማስረዳት ብዙ አይፈልግም፤ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው እዚያም ይታማል። ሰባቱንም ቀን በቴሌቪዥን ስቱዲዮ የሚያሳልፍ ዝነኛ አፍ በዚህ ሜዳ እንግዳ ነው። አገር ያውቀዋል፣ ሰፈሩ አያውቀውም።

ቼንግ ስትሸነፍ ግን ማይኩ አልራቃትም። በዚያው ዓመት የሥራ አስፈጻሚው፣ ማለትም የካቢኔው፣ ቃል አቀባይ ሆነች። እዚህ አንድ ደንብ አለ። የፓርቲ ቃል አቀባይ ምክር ቤት ውስጥ ሆኖ መሥራት ይችላል። የመንግሥት ቃል አቀባይ ግን አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ እንደራሴ የመንግሥት ሹመት እንዳይዝ ይከለክላል። ለዚህ ጥሩዋ ምሳሌ ኮላስ ዮታካ ናት። ከነባሩ የአሚስ ብሔረሰብ የተወለደች ጋዜጠኛ ናት። በ2016 በአረንጓዴዎቹ ዝርዝር ምክር ቤት ገባች፤ በ2018 ወንበሩን ትታ የካቢኔ ቃል አቀባይ ሆነች፤ በ2020 ወደ ፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ተሻገረች። ስሟ በቻይንኛ ፊደል ሳይሆን በላቲን እንዲጻፍ በመጠየቋ ብዙ ክርክር ተነስቶ ነበር። ጂያንግ ቺ-ቼን ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። መጀመሪያ የመንግሥት ማስታወቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊና የመንግሥት ቃል አቀባይ ነበር፤ በ2012 ከታይቹንግ ክልል ተመረጠ። በ2020 የኩሚንታንግ ሊቀመንበር ሆነ፤ በ2024 የምክር ቤቱ ምክትል አፈ ጉባኤ ሆኗል። ሠርግና ለቅሶውን የቻለበት ይመስላል።

ቼንግ በ2020 እንደገና በዝርዝር ምክር ቤት ገባች። ቃል አቀባይ የነበረ ሰው ምክር ቤት ሲገባ አይቸገርም፤ ቤቱ ለካሜራ የተሠራ ነውና። ጠቅላይ ሚኒስትሩና ሚኒስትሮቹ መጥተው መልስ መስጠት ግዴታቸው ነው። ጠያቂው ትልልቅ ካርቶን ይዞ ይወጣል፤ ካርቶኑ ላይ ሠንጠረዥ ወይም የጋዜጣ ርዕስ በደማቁ ታትሟል። ስብሰባው በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል። ጥያቄው በእርግጥ የሚጠየቀው ሚኒስትሩን ነው፣ የሚሰማው ግን ማታ የሚቆረጠው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው።

ከጥያቄው ይልቅ ዓለም የሚያውቀው ድብድቡን ነው። በ1995 ኢግ ኖቤል የተባለው የቀልድ ሽልማት የሰላም ሽልማቱን ለታይዋን ፓርላማ ሰጠ፤ ፖለቲከኞች ከሌላ አገር ጋር ከሚዋጉ እርስ በርስ ቢቧቀሱ እንደሚያተርፉ አሳይተዋል ተብሎ። በ2006 አንዲት የአረንጓዴዎቹ እንደራሴ የረቂቅ ወረቀቱን ነጥቃ አፏ ውስጥ ከተተችው። በኅዳር 2020 የኩሚንታንግ እንደራሴዎች ጠቅላይ ሚኒስትሩ ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ የአሳማ አንጀት ወረወሩ፤ ጉዳዩ ከአሜሪካ የሚገባ የአሳማ ሥጋ ነበር። በግንቦት 2024 ኩኦ ኩኦ-ወን የተባለ እንደራሴ ሰነዶቹን ታቅፎ ከአዳራሹ ሮጦ ወጣ።

እብደት ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ሒሳብ አለ። አፈ ጉባኤው መድረኩ ላይ ወጥቶ መዶሻውን ካልመታ ድምፅ መስጠት አይጀመርም። ስለዚህ ቁጥር የሌለው ወገን መድረኩን ይከባል። ማሸነፍ ባይችል ያዘገያል፤ ደጋፊውም ተወካዩ ሸሚዙ እስኪቀደድ እንደታገለለት በዓይኑ ያያል። ብዙዎቹ ከአዳራሹ ሲወጡ እንደሚጨባበጡ የሚያሙም አሉ።

በጥር 2024 በተደረገው ምርጫ ኩሚንታንግ 52፣ አረንጓዴዎቹ 51፣ የታይዋን ሕዝብ ፓርቲ 8 ወንበር አገኙ። ፕሬዚዳንቱ ከአረንጓዴው፣ ምክር ቤቱ በተቃዋሚዎች እጅ። ፀቡ እየከረረ ሄዶ በ2025 የማንሻ ድምፅ መጣ። በሐምሌ 26 ሃያ አራት የኩሚንታንግ እንደራሴዎች ላይ ሕዝብ ድምፅ ሰጠ፤ አንዳቸውም አልወረዱም። በነሐሴ 23 ሌሎች ሰባት ቀረቡ፤ እነሱም ተረፉ። ሁሉም የክልል ሰዎች ነበሩ። የዝርዝር ሰዎችን የሚነካ ደንብ የለም።

ኩሚንታንግ ከዚህ ድል ወዲያው ወደ ሊቀመንበር ምርጫ ገባ። ቼንግ ያኔ ምክር ቤት ውስጥ አልነበረችም። ዋና ተፎካካሪዋ የቀድሞው የታይፔ ከንቲባ ሃው ሉንግ-ቢን ነበሩ፤ ትልቅ ስም፣ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ። በጥቅምት 18 ቀን 2025 ቼንግ ከግማሽ ጥቂት በሚበልጥ ድምፅ አሸነፈች። በማግስቱ ዢ ጂንፒንግ የእንኳን ደስ አለሽ መልእክት ላኩ። አረንጓዴዎቹ ይህንኑ መልእክት እየጠቀሱ ወደ ቤጂንግ አዘንብላለች ይሏታል፤ እሷ በበኩሏ የጦርነትን አደጋ ለማራቅ ንግግር ያስፈልጋል ባይ ናት።

የሊቀመንበርነቱ ዘመን አራት ዓመት ነው። የሚቀጥለው የምክር ቤት ምርጫ በ2028 መጀመሪያ ላይ ይካሄዳል። ሁለት ጊዜ በፓርቲው ዝርዝር የገባችው ቼንግ፣ ቀጣዩ ዝርዝር ሲወጣ ጠረጴዛው ራስጌ ላይ ትሆናለች። የፓርቲዋ የዛሬ ቃል አቀባዮችም ይህን ያውቃሉ።